የልብስ ሰፊው እግር

ልብስ ሰፊው ዓለምን ዞረ ሲባል የሰፈሩ ሰው ይስቃል፤ እሱም አይቆጣም። ከቤቱ እስከ ሱቁ፣ ከሱቁ እስከ ቤቱ ሲመላለስ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ደግሞስ ዞረ ከተባለ ምን አየ? ሌላው ሰው በአውሮፕላን መስኮት ደመና ያያል፣ ባሕር ያያል። እሱ ያየው መጸዳጃ ቤት ነው። የየአገሩን መጸዳጃ ቤት፣ ልጅ ማጋደሚያ ያለውንም የሌለውንም፣ ጠይቁት፤ ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል።

ይህን ሁሉ ያሳየችው ብጥሌ ናት። ብጥሌ የታናሽ ወንድሙ ልጅ ስትሆን ሁለት ዓመቷን ገና መድፈኗ ነው። ወንድሙና ሚስቱ «ሥራ አግኝተናል፣ እስክንደላደል ብቻ» ብለው ወደ ሰው አገር ሲሄዱ ልጅቱ ገና በወጉ መቀመጥ አትችልም ነበር። ልብስ ሰፊውና ባለቤቱ ልጅ አልወለዱም። ሌላ ሰው ቢሆን «ቤታችን ሞላ» ይል ነበር። እሱ ያለው ሌላ ነው።

«አየሽ፣ ዕቃ ማስቀመጫ አደረጉን።»

«ዕቃው ግን ይስቅልሃል» አለችው ባለቤቱ። ዞር ሲል እውነቷን ነው፣ ብጥሌ ድዷን አሳይታ ትስቅለታለች።

ብጥሌ ያደገችው ከስፌት መኪናው ሥር ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ጠዋት ሱቅ ይዟት ይገባል፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ያስቀምጣታል፣ ሥራውን ይጀምራል። መርገጫውን ሲረግጥ፣ ተረከዝ ጣት፣ ተረከዝ ጣት፣ እሷ እየዳኸች ትመጣና ቅልጥሙን ታቅፋለች። ጉንጯን ታስደግፋለች። እግሩ ሽቅብ ሲል አብራ ሽቅብ፣ ቁልቁል ሲል አብራ ቁልቁል፣ እንዲያ ስትል ዓይኗ ይከደናል። ደንበኛ አይቶ «ኧረ ሰውዬ፣ ልጅቱን አናወጥካት» ሲለው «አንተ ሱሪህን ይዘህ ሂድ» ይለዋል። እንቅልፍ በሌላ በኩል እንደሚመጣ ብጥሌ አታውቅም ነበር። እሱም ቢሆን ይህን ነገር ቁም ነገር ብሎ አላሰበውም።

ሰውዬው ግን ሌላ ነገር ያስባል። ቂም አይረሳም። ወንድሙ ሲያገባ ሱፉን የሰፋው እሱ ነው። ጨርቁን ራሱ መርጦ፣ ገበሩን ራሱ ቆርጦ፣ ኮሌታው አልተኛልኝም ብሎ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሰፋው። የሠርጉ ዕለት ሙሽራው ከሱቅ የተገዛ ሱፍ ለብሶ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ያንተን ሌላ ቀን እለብሰዋለሁ» አለው፣ እንደ ዘበት፣ ሰው በተሰበሰበበት። ያ ሌላ ቀን አልመጣም። ከስንት ጊዜ በኋላ ሱፉን የወንድሙ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ለብሶት መንገድ ላይ ተገናኙ። ዘበኛው ወገቡን እየዳበሰ «ወንድምህን እግዜር ይስጠው» አለ። ልብስ ሰፊው ዙሪያውን አየውና «ትከሻው ሰፍቶሃል፣ አምጣው ላጥብብልህ» አለው። ሌላ ምን ይበል? ሱፉ ግን ከነቁልፉ ጉሮሮው ላይ እንደተሰካ ቀረ።

እንግዲህ አንድ ቀን ወንድሙ ደወለ። «ጋሼ፣ ተደላድለናል። ልጅቱን አንተ ታመጣታለህ። ቲኬት እንልካለን። በዚያውም ዓለም ታያለህ።»

ባለቤቱ ጉልበቷን ስለሚያማት መሄድ አልቻለችም። ብጥሌን ስታጥብ ዋለች፣ አጥባ ስትጨርስ እንደገና አጠበቻት። እሱ ሁለት ሥራ ሠራ። ለብጥሌ ቀይ ካፖርት ሰፋላት፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ ክር ያለበት። ከዚያ የራሱን ኮት ገበር ፈታና ፓስፖርቶቹን፣ የውክልናውን ወረቀት፣ ያለውን ሁሉ ውስጥ ከትቶ መልሶ ሰፋው።

«ኪስ አነሰህ?» አለችው።

«ኪስ የሌባ ነው» አላት።

መንገዱ ቀጥታ አልነበረም። ቪዛው የሚሰጠው ጎረቤት አገር ነበርና መጀመሪያ እዚያ ሄደው ከዳቦ ቤት በላይ ያለች ክፍል ተከራይተው ተቀመጡ። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የማይዘጋ መስኮት። የስፌት መኪና የለም። ብጥሌ እንቅልፍ እምቢ አለች። አዘላት፣ እሹሩሩ አላት፣ ተቆጣት፣ ለመናት። ከታች ዳቦ ጋጋሪው ወጥቶ በሩን አንኳኳና የሞቀ ዳቦ ሰጠው፤ ምን እንዳለ ባይገባውም «ይችን አፏ ውስጥ ወትፍልን» ያለ መሰለው። ደክሞት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ሲል እግሩ በራሱ ጊዜ መሥራት ጀመረ። ተረከዝ ጣት። ብጥሌ ልቅሶዋን አቋረጠች። ወለል ለወለል መጣች፣ ቅልጥሙን አቀፈች፣ ጭልጥ አለች። ልብስ ሰፊው ብቻውን ሳቀ። ለካ መኪናው እሱ ራሱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የኤምባሲው አግዳሚ ላይም፣ አውቶቡስ ውስጥም፣ አውሮፕላን ውስጥም ያንኑ አደረገ። አውሮፕላኑ ላይ ከፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ወንበሬ ተንቀጠቀጠ ብሎ አስተናጋጇን ጠራ። አስተናጋጇ መጥታ በእጇ «እግርህን ሰብስብ» አለችው። ሰበሰበ። ብጥሌ ነቃች፤ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ አውሮፕላኑ በሙሉ ዞረ። አስተናጋጇ ጆሮዋን ይዛ ተመለሰችና በሁለት እጇ «ቀጥል፣ ቀጥል» አለችው።

ችግር የመጣው አውሮፕላን በሚቀይሩበት አገር ነው። እስከዚያ ድረስ ወረቀት በተጠየቀ ቁጥር ገበሩን በመቀሱ እየፈታ መልሶ ሲሰፋው ነበር የመጣው፤ እዚህ ግን ፍተሻው ላይ መቀሱን ወስደውበታል። መስኮቱ ጋ ደርሶ ወረቀት ሲጠየቅ ወረቀቱ ገበር ውስጥ ነው፣ መፍቻ የለውም። ኮቱን አወለቀና በጥርሱ ይዞ ተረተረው። ከኋላው ያለው ሰልፈኛ አፉን ከፍቶ ያያል። ብጥሌ በደስታ እጇን አጨበጨበች።

«ባባ ኮት በላ! ባባ ኮት በላ!»

የመስኮቷ ሠራተኛ አልሳቀችም። ኮት ቀዶ ወረቀት የሚያወጣ ሽማግሌ፣ እናት አባቷ አብረው የሌሉ ሕፃን። ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰዷቸው፤ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። በስልኩ ውስጥ አንድ አስተርጓሚ ነበረ።

«ለልጅቷ ምኗ ነህ ይላሉ።»

«አጎቷ።»

«ወረቀቱን ለምን ደበቅከው ይላሉ።»

«አልደበቅሁትም። ሰፋሁት።»

«ለምን ሰፋኸው?»

«ልብስ ሰፊ ነኛ!»

አስተርጓሚው ሳቁን ሲያፍን ተሰማ። ሴትዮዋ አስተርጓሚው ባለበት መስመር ላይ ለወንድሙ ደወለች፤ ወንድሙም በዚያ በሰው አገር ቋንቋ ለስለስ አድርጎ ብዙ ተናገረ። አንድ ቦታ ላይ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ልብስ ሰፊውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምን አላት?» ሲል አስተርጓሚውን ጠየቀ።

«ተወው፣ ጋሼ። ለቀዋችኋል እኮ።»

«ምን አላት?»

«‹ወንድሜ ያልተማረ ነው፣ ይቅርታ አድርጉለት፤ ልጅ ለማድረስ ሌላ ሰው አጥተን ነው› አለ።»

ልብስ ሰፊው የተቀደደ ኮቱን ለበሰ። ሌላ ሰው አጥተን። ጉሮሮው ላይ ያለው ሱፍ ተላወሰ። ቀሪውን መንገድ ብጥሌን እግሩ ላይ አስተኝቶ ነገሩን ሲያመነዥክ ሄደ። ሲያርፉ ሐሳቡን ቆርጦ ነበር። የእግሩን ዘዴ አይነግራቸውም። ልጅቱን ይቀበሉ፤ ይታቀፉ፤ ይሳሙ። እንቅልፍ ሲመጣ ግን ማን እንዳሳደጋት ያዩታል። ወንድሙ ይመጣል፣ «ጋሼ፣ ያለ አንተ አይሆንልንም፣ እባክህ ትንሽ ሰንብትልን» ይላል። ያን ቃል ካልሰማ አፉን እንደማይከፍት ለራሱ ማለ። ልቡ ውስጥ ደግሞ፣ ከቂሙም በታች፣ ሌላ ነገር ነበረ፤ የመመለሻው ቲኬት ለእሱ ብቻ መቆረጡ።

የብጥሌ እናት ገና በሩቁ ስታያቸው ሮጠች። ልጅቱ ሸሽታ የአጎቷ ሱሪ ውስጥ ተወተፈች። እናትየው ደርቃ ቆመች፣ ከዚያ ሰብሰብ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ከሩቅ አየቻት። ብጥሌ አንድ ዓይኗን አወጣች።

«ባባ ኮት በላ» ስትል ነገረቻት።

ሴትዮዋ ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተገለበጠባት። ወንድሙ ግራ ቀኝ እያየ «በሉ እንሂድ፣ ሰው እያየ ነው» አለ።

ቤታቸው ደርብ ላይ ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ሶፋ፣ የሚያንጸባርቅ ወለል። እንደገቡ እናትየው «ይሞቃታል» ብላ ቀዩን ካፖርት አወለቀችላትና የተገዛ፣ ጥንቸል ያለበት ነገር አለበሰቻት። ካፖርቱ የት እንደገባ ልብስ ሰፊው አልጠየቀም።

ቀትር ላይ ብጥሌ በድካም ዓይኗን ማሸት ጀመረች። መጋረጃ ጋርደው አዲስ አልጋ ላይ አስተኟት። ልቅሶው ተጀመረ። ልብስ ሰፊው ሳሎን ተቀምጦ ይሰማል። መጀመሪያ የቁጣ ነበር። ከዚያ የጥሪ። «ባባ! ባባ!» ስትል እግሩ ተነሣ፤ በእጁ ጉልበቱን ጨምቆ ያዘው። ቆይ፣ ይምጣ።

ወንድሙ ወጣ። ልብስ ሰፊው ቀና አለ። ወንድሙ ግን አላየውም፤ ስልኩን አውጥቶ በጣቱ ይፈትግ ጀመር።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለው ልብስ ሰፊው።

«ሕፃን ማስተኛ ዘዴ። ባለሙያዎች የጻፉት አለ።»

«አይ ጥሩ ነው። እነሱ ያስተኟት።»

ወንድሙ ነገሩ አልገባውም፤ እያነበበ ወደ ማድ ቤት ገባ። በኋላ እናትየው ወጣች። ጸጉሯ ተበትኗል፣ ክንዷ ላይ የብጥሌ ጥፍር ቀይ መስመር ሠርቷል። ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም፤ ከእሱ እግር አጠገብ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚያስተኟት?»

«እንጃ» አለ። «ዝም ብላ ነው የምትተኛው።»

ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ ራሱን ሳይቀር ደነቀው። እሷ ግን አመነችው። ራሷን ነቀነቀች።

«አዎ። ስልክ ስደውል አውቀዋለሁ። ሱቅ ካላችሁ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፣ እሷ ዝም ትላለች። ‹አይዝጉት ጋሼ፣ ዝም ብለው ያስቀምጡት› የምለው ለዚያ ነበር። ምሳዬን የምበላው እሱን እየሰማሁ ነው። መኪናው ከሠራ ልጄ ደህና ናት እላለሁ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አሁን ምን እንደምሰማ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊው ስልኩ ጨርቅ መሐል ተከፍቶ የሚውልባቸውን ቀኖች አስታወሰ። ለስልክ ሒሳብ የማትሳሳው ሀብታም ሆንኩ ለማለት ነው እያለ ለባለቤቱ ያማት ነበር። ከበሩ ጀርባ የብጥሌ ድምፅ ተሰነጠቀ፤ ሻከረ። ያን የሚጠብቀውን ቃል ማንም አላለም። ወንድሙ ከማድ ቤት ሆኖ አሁንም ያነባል።

«ጫማሽን አውልቂ» አላት።

«እ?»

«አውልቂ ነው የምልሽ። ነይ።»

አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ብጥሌን አውርዶ ምንጣፉ ላይ አደረጋት፣ እሱ ራሱ ከሴትዮዋ እግር ሥር ተንበረከከ። ለወንድሙ ሚስት እንበረከካለሁ ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ቁርጭምጭሚቷን ያዘ።

«ተረከዝ። ጣት። ተረከዝ። ጣት።»

ጉልበቷን ታራግፈው ጀመር።

«ጉልበት አይደለም! ዶሮ ልታባርሪ ነው? ቀስ፣ ረዥም ስፌት እንደምትሰፊ።»

«ስፌት አላውቅም እኮ፣ ጋሼ።»

«አሁን ታውቂያለሽ።»

ብጥሌ ዝም አለች። እግር አየች። የፈለገችው ግን የእናቷን አልነበረም፤ ወደ እሱ ነው የመጣችው፣ እንደ ልማዷ ቅልጥሙን ልታቅፍ። ልብስ ሰፊው ሁለት እግሩን ከሥሩ አጠፈና ተቀመጠበት። ፈለገች። በዚህ በኩል ዞረች፣ በዚያ በኩል ዞረች፤ ሱሪውን ጎተተች። «ባባ፣ እግ» አለች። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ልቅሶዋን ለመጀመር አፏን ከፍታ ሳለ የሚንቀሳቀሰውን ነገር አየች። ተጠራጠረች። በአንድ እጇ ነካችው። ከዚያ የእናቷን ቅልጥም አቀፈችና ጉንጯን አስደገፈች።

ሴትዮዋ እንባዋ አገጯ ላይ ሲንጠባጠብ እግሯን አላቆመችም።

ወንድሙ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። «ተኛች? ምን አደረጋችሁ?» ሲል ሚስቱ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። በጣቱ ጫፍ ገባና አጠገባቸው ቆመ። ልጁን አየ፣ የሚስቱን እግር አየ፣ መጨረሻ ላይ ወንድሙን አየ።

«ጋሼ፣ ኮትህ ተተርትሯል» አለ በሹክሹክታ። «ነገ አዲስ እንገዛልሃለን።»

«መርፌ ካላችሁ ስጡኝ።»

«መርፌ?» ወንድሙ ሚስቱን አያት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። የላቸውም።

ልብስ ሰፊው ሊነሣ አለና አቃተው። እግሩ ከሥሩ ደንዝዟል፣ የሌላ ሰው እግር መስሏል። ወንድሙ እጁን ዘረጋለት፣ ልስልስ ያለ፣ ንጹሕ የጽሕፈት ቤት እጅ። ልብስ ሰፊው እጁን ለረዥም ጊዜ አየው።

«ቆይ» አለ። «ደሙ ይመለስ።»