ደህና ነኝ ብለዋል

«ድምፁን ቀንሺው እንጂ! ለቅሶ ቤት ነው እኮ።»

ኑሃሚን አልቀነሰችውም። የእንግዶች ኮትና ጃኬት በተከመረበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። እናቷ ኤልፍነሽ የመኝታ ቤቱን በር ከኋላዋ ዘግታ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ቆመች።

«ማሚ፣ ስለ አባዬ እያወሩ ነው።»

ስልኩ ላይ ዳውንታውን ያለው የምክር ቤቱ አዳራሽ ይታያል። ተወካዮቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ሰማያዊ ከረባት ያሰረውን የጤና ኃላፊ እየጠየቁት ነው። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ተወካይ፣ የቤት ለቤት ነርሶቹ ከቀሩ ወዲህ ስንት ሕመምተኛ ሆስፒታል እንደገባ፣ ስንቱስ እንደሞተ ጠየቀችው። ሰውየው አልደነገጠም። ሞትን ከፕሮግራሙ መዘጋት ጋር የሚያያይዝ መረጃ የለንም አላት። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፣ «ጥር ላይ ከሕመምተኞቹ አንዱ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደህና ነኝ ብለዋል። ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለ።

ሕመምተኛው የኤልፍነሽ ባል፣ ተክሌ ነው። ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

የኤልፍነሽ እንግሊዝኛ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ የለቃቀመችው ነው። ይቺን ግን ማንም ሳይተረጉምላት ሰማች። የሰው ጃኬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ ትራንስሌት ያደረግኩት» አለች ኑሃሚን። «ያለውን ነው ያልኩት። ኤግዛክትሊ ያለውን።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለቻት እናቷ።

ሳሎኑ በሰው ተጣቧል። የስደት ሰፈራቸው የስኮትዴል አፓርታማ ለቅሶ ይቀመጥበታል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም መሰለኝ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ተጣጣፊ ወንበሮች ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው እስከ ኩሽናው ደርሰዋል። ኤልፍነሽ ወደ ፍራሿ ተመለሰች። የሚገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ «ጌታ ያጽናሽ፣ እንዴት ነሽ?» ይላታል። እሷም «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ትላለች። አፏ ለብቻው ነው የሚመልሰው። በዚህ ነገር እኛ ልዩ ፍጥረት ነን። ትኩሳት እያንቀጠቀጠን እንኳ ሐኪም ፊት ስንደርስ መጀመሪያ የምንለው ደህና ነኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ራሱ ይድረስበት።

ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ወለተሥላሴ ደረጃውን ወጥተው ገቡና በሩ አጠገብ ባለው የተክሌ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆየ። እግራቸው አብጦ ነጠላ ጫማው አልበቃ ብሎት፣ ተረከዛቸው ውጭ ቀርቷል። ለእሳቸውም ለተክሌም ትመጣ የነበረችው ነርስ አንድ ናት።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?» አለች ኤልፍነሽ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል።»

ኤልፍነሽ እግራቸውን አየች። የተቀመጡበትንም ወንበር አየች። ተክሌ የሞተው እሱ ላይ ነው።

ሕመሙ የልብ ድካም ነበር። ጋደም ሲል ደረቱ ውሃ እየሞላ ስለሚያፍነው የመጨረሻዎቹን ወራት ተቀምጦ ነው የተኛው። ነርሷ በነበረች ጊዜ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ታወጣዋለች፣ ደረቱን ታዳምጣለች። ኪሎው ጨምሮ ካገኘችው እዚያው ቆማ ለሐኪሙ ትደውልና መድኃኒቱ ይስተካከላል። ሌላ ጥበብ የለውም፤ ግን በዚያ ነበር የሚኖረው። ኤልፍነሽ ጧት ለሥራ ስትነሣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለች።

«አልተኛህም?»

«ኳስ እያየሁ ነው» ይላታል።

ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነው።

ተክሌ ያቺን ሸበቶ ተወካይ ያወቃት በፓርኪንግ ነው። ምክር ቤቱ አጠገብ ባለው ፓርኪንግ ብዙ ዓመት ሲሠራ መኪናዋን ሁልጊዜ ጥላ ፈልጎ ያቆምላት ነበር። አንድ ቀን ቁልፏን ይዞላት ሲመጣ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያለከልክ አየችው። ስትጠይቀው ስለ ነርሷ ነገራት፤ ፕሮግራሙ ሊዘጋ መሆኑንም እሱ ከሷ ሰማ። «ይህንኑ ለኮሚቴው ንገርልኝ» አለችው። ተክሌ ያን ዕለት እንደ ሙሽራ ደስ ብሎት ነው ቤቱ የገባው።

በቀጠሮው ቀን ሱፉን ለበሰ። ኑሃሚን ልታስተረጉም ከጎኑ፣ ኤልፍነሽ ከኋላው ተቀመጡ። ሰብሳቢው እንግዳውን ለማላመድ ብሎ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ እንዴት ነዎት?» አለው። ተክሌ ያን ሁሉ የተከበረ ሰው አየ። ከረባቱን ነካ አደረገና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። በጌታ ስም ተፈውሻለሁ።»

ኑሃሚን ተረጎመች። አክላ ልትናገር፣ አይተኛም እኮ ልትል አፏን ስትከፍት ተክሌ እጁን እጇ ላይ ጫነ።

«ያልኩትን ብቻ።»

ስለ ነርሷ ሲጠይቁት መልካም ልጅ መሆኗን ነገራቸው። መንግሥትን አመሰገነ። ሰዓቱ አለቀ። ባለ ሰማያዊ ከረባቱ ሰውዬ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው።

ውጭ ሲወጡ ኑሃሚን አለቀሰች። «አባዬ፣ ዋይ? ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ልበላቸው? የማላውቀው ሰው ፊት ሕመሜን ልዘርግፍ? ልለምን?» አለና የማያውቀው ሰው መኪና ላይ ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደግሞ በአፌ የመሰከርኩትን ጌታ ያደርገዋል።»

ጌታ አላደረገውም። ኤልፍነሽ ይህን ጮክ ብላ ለማንም አትናገረውም፤ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ግን እሱኑ ነው የምታስበው። ተክሌን ተናዳበታለች። ስለሞተ ሳይሆን ደህና ነኝ እያለ ስለሞተ። እስከ መጨረሻው ድረስ እሷንም እንደ እንግዳ ሰው ቆጠራት።

ኑሃሚን ስልኳን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች። «ማሚ፣ የተወካይዋ ቢሮ ነው። አሁን ሰሙ መሞቱን። ከሰዓት ሲቀጥሉ በቪዲዮ ቴስቲፋይ ታደርጊያለሽ ወይ እያሉ ነው። ቱ ሚኒትስ ብቻ።»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ፊልጶስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሠልስት ቀን? ባለ ለቅሶ ከፍራሿ ተነሥታ ለመንግሥት ስትናገር ሰው ምን ይላል?»

«ነርሷን ይመልሷታል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለች ኤልፍነሽ ልጇን።

ኑሃሚን በእንግሊዝኛ አወራች፤ አዳመጠች። «ፕሮሚስ ማድረግ አንችልም ነው የሚሉት። ድምፅ ሲሰጡ የሚሸነፉ ይመስላቸዋል። ግን አባዬ ደህና ነኝ ያለው ቃል መዝገቡ ላይ ብቻውን እንዳይቀር ነው።»

«እሱማ ይቅር!» አሉ ጋሽ ፊልጶስ። «ኤልፍዬ፣ ስሚኝ። ወንድማችን የተናገረው የእምነት ቃል ነው። በሰው ሁሉ ፊት የመሰከረውን፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ሚስቱ ልታፈርስበት? ዋሽቷል ልትዪ ነው?»

ይቺ ከሁሉም በላይ ወጋቻት። ተክሌን ደግማ የምትቀብረው መሰላት፤ በዚህኛው ደግሞ አካፋውን የያዘችው እሷ ናት። ራሷን ዝቅ አደረገች። «ይቅር በያቸው» ልትል ነበር።

«አዎ፣ ይቅር ልጄ» አሉ እማማ ወለተሥላሴም ከወንበሩ። «ለኔ ብለሽ እንደሆነ አትቸገሪ። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ልሂድ።»

ሊነሡ ሞከሩ። የወንበሩን እጅ ይዘው ገፉ፣ አልተነሡም። እንደገና ገፉና መልሰው ተቀመጡ፤ አፋቸውን ከፍተው አየር ፈለጉ። አንዲት ሴት ልትደግፋቸው ስትሮጥ በእጃቸው መለሷት። «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል። ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ ነው።»

ኤልፍነሽ ከፍራሿ ተነሣች።

ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ኑሃሚን ስልኩን የስኳር ጣሳ አስደግፋ አቆመችው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከኋላቸው ለቀስተኛው አንገቱን አስግጎ ይሰማል። ኤልፍነሽ የምትለውን በልቧ ደርድራዋለች፤ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ጠፋው ቴሌቪዥን። ያለቀሰችለት ሰው እንደማይመለስ ታውቃለች። ነርሷም እንደማትመለስ ልቧ ነግሯታል። ቢያንስ ግን ያ ሰውዬ ይስማው።

ሸበቶዋ ተወካይ ስክሪኑ ላይ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። በቀስታ፣ ኤልፍነሽ እንድትሰማት እያንዳንዱን ቃል እየለየች አዘነችላት፤ ተክሌን እንደምታውቀውም ተናገረች። ከዚያ፣ «እንዴት ነዎት?» አለቻት።

«ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» አለች ኤልፍነሽ።

«አሜን» አሉ ጋሽ ፊልጶስ ከኋላ።

ኤልፍነሽ ቃሉን የሰማችው ከወጣ በኋላ ነው። የደረደረችው ሁሉ ጠፋባት። ሌላ ቃል ፈለገች።

ኑሃሚን አፏን ከፈተች፣ ግን አልተረጎመችም። ዞራ እናቷን አየች። ከስልኩ ውስጥ ተወካዮቹ ይጠብቃሉ። ሰማያዊ ከረባት ያሰረው ሰው ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ይጠብቃል። ሁለቷ ደቂቃ እየሄደች ነው።

ኤልፍነሽ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረች። እጇ የልጇ እጅ ላይ ተጭኗል። መቼ እንዳስቀመጠችው አታውቅም። ተክሌም ያን ዕለት እንዲሁ ነበር የጫነው።

ቀስ ብላ አነሣችውና ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። «ያየሽውን ንገሪያቸው» አለቻት።