የአርሴማ ቡልኮና የዘርፈሽ አልጋ

«ንክሻውን ብቻ አሳዩኝ፤ የነካሹን ስም ካልነገርኳችሁ ዘርፈሽ አትበሉኝ!»

ይህን ያለችው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የኪራይ ግቢ፣ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። የግቢው ልጅ ሁሉ ሲያሳክከው ወደ እሷ ይሮጣል። እሷም እንደ ሐኪም ክንዱን ይዛ፣ ከንፈሯን ሞጠሞጥ አድርጋ፣ «ይቺ ቢምቢ ናት፤ ብቻዋን መጥታ ብቻዋን ሄዳለች» ትለዋለች። ወይም ደግሞ «ቁንጫ ነው፤ ቀምሶህ ዘለለ» ትላለች። አንዴ የትንሹን የካሱን ራስ አይታ «ቅማል!» ስትል እናቱ እትዬ ዓለምጸሐይ ልጃቸውን ሙልጭ አድርገው ላጩት። ለካ የነከሰው ጉንዳን ኖሯል። ይቺን ዘርፈሽ አታወራትም።

ጊዜው ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ዘርፈሽ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ሰባተኛ ክፍል። አባት የላትም፤ ከእናቷ ከወለቴ ጋር በአንድ የሽቦ አልጋ፣ በአንድ አጎበር ውስጥ ተኝታ ነው ያደገችው። አጎበሩን አንድ የወባ መከላከያ ሠራተኛ ተከራይ ሲዛወር ትቶላቸው ሄደ። እዚያ ውስጥ እግሯን እናቷ ሆድ ላይ ጭና፣ ሁለቱ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አምተው ሳይጨርሱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ለዘርፈሽ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ዓለም ላይ አልነበረም።

ከዚያ አርሴማ መጣች።

አርሴማ የወለቴ የወንድም ልጅ ናት፤ ከላይ ከዶርዜ። አባቷ ሸማኔ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሞተባት። ስትመጣ የያዘችው አንድ ከረጢትና አባቷ በእጁ የሠራላትን ቡልኮ ነው፤ ወፍራም፣ ጥለቱ ቀይና ቢጫ። የደጋ ልጅ ቆላ ስትወርድ ወባ ቶሎ እንደሚጥላት ደግሞ አርባ ምንጭ ውስጥ የማያውቅ የለም። ወለቴ ትንሽ እንኳን አላመነታችም።

«አርሴማ አጎበር ውስጥ ከእኔ ጋር ትተኛ። ዘርፈሽ፣ አንቺ ወባ ለምደሻል።»

ወባ ለምደሻል! እንዲህ ይባላል? ወባ ጎረቤት ናት እንዴ የምትለመደው?

ዘርፈሽ ጓዳ ሰሌን ላይ ተጋደመች፤ በግድግዳው በኩል የእናቷንና የአርሴማን ሹክሹክታ ትሰማለች። የእሷን ሐሜት ለሌላ ሰው! በዚህ ብቻ መቼ በቃ። አሳ በተሠራ ቁጥር ወለቴ አጥንቱን እየለቀመች ታወጣና አርሴማን ታጎርሳለች፤ «ደገኛ ናት፣ አጥንት አታውቅም» እያለች። ዘርፈሽም አንድ ቀን አጥንት ጉሮሮዬን ወጋኝ ብላ ብትጮህ፣ እናቷ «ውሃ ጠጪበት» አለቻትና ወደ አርሴማ ጉርሻ ተመለሰች።

«እንግዲያው ለእኔም የራሴ አልጋ ይገዛልኝ!» አለች ዘርፈሽ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስትነዘንዝ ከረመች። መናኸሪያው አጠገብ ያለ አንድ አልጋ ቤት ያረጁ የእንጨት አልጋዎቹን ሲሸጥ፣ ራሷ ሄዳ፣ ራሷ መርጣ፣ ራስጌው ላይ አበባ የተቀረጸበትን በጋሪ አስጭና ገባች።

አርሴማ ዞር ዞር ብላ አየችው። «ዘርፈሽዬ፣ ከመተኛትሽ በፊት ስንጥቁን በፈላ ውሃ ብናጥበው አይሻልም? ስንት መንገደኛ ተኝቶበታል።»

«ቀናሽ እንዴ?» አለች ዘርፈሽ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንዴት ደስ እንዳላት! ይኸው በመጨረሻ አንድ ሰው በእሷ ቀና።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ዘርፈሽ ክንዷንና አንገቷን ማከክ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ትነሣና ቀያይ እብጠቶቿን ትቆጥራለች። ታዲያ አንድ አርብ እያከከች ሳለ የደስ ደስ ያለው ሐሳብ መጣላት። አርሴማ ያለ ቡልኮዋ አትተኛም። ወለቴ ደግሞ ቁንጫ ካለበት ነገር ጋር አትተኛም። ስለዚህ ቡልኮው ቁንጫ ካለበት፣ አርሴማ ከአጎበሩ ትወጣለች፤ ዘርፈሽ ትገባለች። አለቀ!

«እማዬ፣ እይልኝ» ብላ ክንዷን ዘረጋች። «ቁንጫ ነው።»

«ቁንጫ? ከየት መጥቶ?»

«ከየት ይመጣል! ከበግ ጋር ከሚታደርበት ነዋ። ያ ቡልኮ ነው ይዞት የወረደው። እስከ ጓዳ ድረስ ዘሎ እኔን ከበላ፣ አንቺን እንዴት እንደሚያደርግሽ አስቢው።»

ወለቴ ሳታስበው ወገቧን አከከች። አርሴማ ቡልኮዋን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቀቀል!» አለች ዘርፈሽ። «በፈላ ውሃ!»

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው መሐል እሳት ነደደ፤ ትልቁ በርሜል ተጣደ። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ እንዳለው ሰው መጥቶ ቆመ። ቡልኮ ከተቀቀለ እንደሚኮማተር፣ ቀለሙም እንደሚፈስ ሁሉም ያውቃል። ወለቴም ታውቃለች፤ የወንድሟ እጅ ሥራ ነው። ማማሰያውን ይዛ ዓይኗን ከበርሜሉ አላነሣችም።

«አክስቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች አርሴማ። ነጭ አንሶላ ፀሐይ ላይ ዘረጋችና ቡልኮውን አራገፈችበት። አንዴ። ሁለቴ። አቧራ ወረደ፣ አንድ የክር ቁራጭ ወረደ። የዘለለ ነገር የለም።

«ተደብቋል!» አለች ዘርፈሽ።

አርሴማ የትምህርት ቤት ነጭ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ሳበችና የአልጋ ክፍሉን፣ ጓዳውን፣ ምንጣፉን ሁሉ እየረገጠች ዞረች። ወጥታ እግሯን ለሰው አሳየች። ካልሲው እንደነጣ ነው።

«ቁንጫ ቢኖር አሁን እግሬ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስል ነበር። ከመሬት ነው የሚነሣው፤ ሲበላም ከእግር ነው የሚጀምረው። እስኪ ዘርፈሽዬ፣ እግርሽን።»

የዘርፈሽ እግር ንጹሕ ነበር።

«ክንድሽንስ?»

ዘርፈሽ ክንዷን ወደ ኋላ ብትደብቅም እትዬ ዓለምጸሐይ ጎትተው አወጡት።

«ይኸው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለች አርሴማ፣ በጣቷ እየተከተለች። «እንደ ስፌት መስመር ይዟል። ይሄ እየሄደ የሚበላ ነው እንጂ እየዘለለ አይደለም። ትኋን ነው።»

«ማን አስተማረሽ ደግሞ?» አለች ዘርፈሽ።

«ሽሮ ሜዳ። አባዬ ሲሸምን እኔ ትኋን ስለቅም ነው ሦስት ዓመት የኖርነው።»

ዘርፈሽን ያናደዳት ትኋኑ አይደለም፤ ይቺ ልጅ ለካ አዲስ አበባም ኖራለች!

«ትኋን ደግሞ እንጨት ይወዳል» አለች አርሴማ በቀስታ፤ ማሳፈር የፈለገች አትመስልም ነበር። «የአክስቴ አልጋ ሽቦ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ጓዳው ተገፋፋ። ፍራሹ ሲነሣ ጠርዙ ላይ እስክሪብቶ የፈሰሰበት ይመስል ጥቋቁር ነጠብጣብ ሞልቷል። አርሴማ ከፀጉሯ ሽቦ ነቅላ፣ አበባ የተቀረጸበት ራስጌ ስንጥቅ ውስጥ ሰደደችው። ምስር የሚያካክሉ፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ነገሮች እየተተራመሱ ወጡ። አንዱም አይዘልም፤ ሁሉም ይሮጣል። አንዱን ጨፈለቀችው፤ ቀይ ደም ወጣ፣ የጥሬ ድንብላል የመሰለ የሚያቅለሸልሽ ሽታም ጓዳውን ሞላው።

«ያ ደም የእኔ ነው!» ብላ ጮኸች ዘርፈሽ።

«እሰይ!» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ። «ልጄን ያስላጨሽብኝ ሐኪም!»

በርሜሉ ለቡልኮው የፈላ ቢሆንም የታጠበበት ባለ አበባው አልጋ ሆነ። አራት ሰው ተሸክሞ አወጣው፤ የፈላው ውሃ በየስንጥቁ ተንቆረቆረ፤ ከዚያ ላምባ ተቀባ። ፍራሹም አጥር ላይ ተሰጣ። ወለቴ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ሳምንት ሙሉ ውጭ ይክረም» ብላ ፈረደችበት።

ሳምንት! ዘርፈሽ የውርደቱን ግማሽ እዚያው ረሳችው። አልጋ የላትም ማለት እኮ ነው። አልጋ የሌላት ልጅ የት ነው የምትተኛው? ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ትራሷን አቅፋ እናቷ የሽቦ አልጋ ጫፍ ላይ ቆመች። ወለቴ የአጎበሩን ጠርዝ ፍራሹ ሥር እየሸጎጠች ነበር።

«ታዲያ እኔ ዛሬ ከአንቺ ጋር ነዋ፣ እማዬ» አለች፤ ድምፅዋን የአምስት ዓመት ልጅ አስመስላ። «ግድግዳው ጋ እሆናለሁ። አልንቀሳቀስም።»

አርሴማ ቡልኮዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች። «እኔ ልጠጋላት፣ አክስቴ። ለሦስት ይበቃናል።»

ይሄኔ ነው ዘርፈሽ አርሴማን ከምንጊዜውም በላይ የጠላቻት። ቢሆንም ትራሷን ወደ አጎበሩ ገፋ አደረገች።

ወለቴ ትራሱን በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችላትና አለች፦ «ቢምቢውን ውጭ ዘግቼ ትኋኑን ከነተሸካሚው ላስተኛው? ሂጂ ገላሽን ታጠቢ፤ ሰሌንሽ በረንዳ ላይ ነው።»