ተርብ የጠበቀው ጥግ

ናቦር ደኑ አባቱ እንደተወለት ነው ይላል። አባቱ ሊሞት ሲል «ከዚህ ጫካ አንድ ግንድ እንዳትጥል» ብሎ አስምሎታል፤ እሱም አልጣለም። እህቱ ኤርሜሊንዳ ደግሞ ደኑ እየሞተ ነው ትላለች። ሁለቱም አይዋሹም። እሱ ደኑን የሚያየው በቅሎው ላይ ሆኖ፣ ከብቶቹን ሲከተል፣ ከውጭ ነው። እሷ የምታየው ለአበባ ነጋዴዎች የምትሸጠውን የዘንባባ ቅጠል ስትቆርጥ፣ ከውስጥ ነው።

ልጆች ሳሉ ከሳን ማርቲን ተራራ እስከ ባሕሩ ድረስ ከጥላ ሳይወጡ ይሄዱ ነበር። አሁን ደኑ በግጦሹ መሃል እንደ ጨርቅ ቁራጭ እዚህም እዚያም ቀርቷል። አንዱ ቁራጭ የናቦር ነው፤ ሌላው ከሜዳው ማዶ የአበልጁ የክሬሴንሲዮ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አጥር ብቻ ነው፤ ተተክለው ሥር የሰደዱና ያቆጠቆጡ እንጨቶች።

ናቦር በየዓመቱ ሙታን ቤታቸውን ሊጎበኙ ከሚመለሱበት ቀን በፊት የደኑን ዳር ይመነጥራል። የተንዠረገገውን ሐረግ ይቆርጣል፣ ጥሻውን ያጸዳል፣ የአጥሩን አናት ይከረክማል። በዚያ መንደር ዳሩ የጎፈረ ሰው ሰነፍ ይባላል። የአባቱ ነፍስ ስትመጣም ንጹሕ ቦታ እንድታገኝ ይፈልጋል። ሥራው በወንፈል ነው፦ ዛሬ ክሬሴንሲዮና ልጆቹ ለናቦር፣ ነገ ናቦር ለእነሱ።

በምንጣሮው ቀን ጠዋት ናቦር ገጀራውን ስሎ ጨርሶ እንደገና ይስለው ጀመር። የሰሜኑ ነፋስ ሊመጣ ነው፤ ከብቶቹ ሣሩን ትተው አንገታቸውን ወደ ባሕሩ አቅንተዋል። እሱም መቀመጥ አልሆነለትም። ኤርሜሊንዳ የዘንባባ ሸክሟን ተሸክማ ከደኑ ወጣች።

«ሁለት ዛፎች ደግሞ ወድቀዋል» አለችው። «ነፋሱ ገና ሳይጀምር።»

«ማን ቆረጣቸው?»

«ማንም።»

«ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ወንድምዓለም፣ ወደቁ ነው እንጂ ጣልካቸው አላልኩህም።»

«አነጋገርሽ ግን የዳኛ ነው።»

«እሺ፣ ዳኛ ልሁን። ሂድና የኦሆቼ ልጅ ፈልገህ አሳየኝ። ሽማግሌዎቹን አትቁጠርልኝ፤ ከጉልበትህ የማይበልጥ አንድ ልጅ።»

ኦሆቼ በረሃብ ዘመን አያቶቻቸው ፍሬውን ቀቅለው ከበቆሎ ጋር ቂጣ ይጋግሩት የነበረ ግዙፍ ዛፍ ነው። ናቦር እየሳቀ ወደ ደኑ ገባ። ደርዘን ሙሉ አሳያታለሁ ብሎ ነበር።

ውስጡ ከሚያስታውሰው በላይ ብሩህ ነበር። ቅጠሉ ከእግሩ ሥር እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። ትልልቆቹ በወደቁበት ቦታ ፈጥነው የሚያድጉ ቀጫጭን ዛፎች ተጨናንቀው በቅለዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። የቀሩትን ሽማግሌዎች ሐረግ አንገታቸውን ይዞ ወደ ታች ይጎትታቸዋል። ከኦሆቼዎቹ ሥር ፍሬው በቅሎ ነበር፤ ነገር ግን ችግኙ ሁሉ እንደ ክብሪት እንጨት ደርቋል። ናቦር ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ፣ ጎንበስ ብሎ በእጁ ቅጠሉን ገለጠ። ሳቁ ጠፍቷል።

በመጨረሻ ምንጩ አጠገብ ካለው ጥግ ደረሰ። አጥሩ ከደኑ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው፤ ግን ተርብ ስለሰፈረበት ለዓመታት ገጀራ ነክቶት አያውቅም። አንዴ ክሬሴንሲዮ ሞክሮ አንድ ዐይኑ አብጦ ተመልሷል። ሐረጉ ከላይ እስከ ታች እንደ መጋረጃ ወርዷል። ናቦር በሆዱ እየተሳበ ከሥሩ ገባ።

የደረቅ ቅጠሉ ድምፅ ቆመ። መሬቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ከፊቱ የኦሆቼ ልጆች ቆመዋል፤ አንዱ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል። አጠገባቸው ደግሞ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ሌላ ችግኝ አለ፦ ፍሬው ጣፋጭ የሆነው ሳፖቴ። የሳፖቴ ዛፍ በእነሱ ደን ውስጥ ከአባቱ ዘመን ወዲህ የለም፤ ያለው ክሬሴንሲዮ ጋ ብቻ ነው። ናቦር ቀና ብሎ ከላዩ ያለውን ያልተከረከመ አጥር አየ። አንዲት ወፍ በአጥሩ ላይ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየዘለለች ከክሬሴንሲዮ ደን ስትመጣ ቆይቶ አየ፤ የሳፖቴውንም ዘር ያመጣችው እንደ እሷ ያለች ወፍ ትሆናለች።

ችግኞቹ የተረፉት ምንጩ ስላለ ይሆናል ብሎ አሰበ። ወጥቶ ከምንጩ በወዲያኛው በኩል፣ በየዓመቱ ወደሚመነጥረው ዳር ሄደ። እዚያም መሬቱ እርጥብ ነው። ችግኝ ግን አልነበረም። ግንድ አልጣለም፤ ነገር ግን በየዓመቱ የደኑን በር እየነቀለ ለነፋስና ለፀሐይ ከፍቶ ሲሰጥ ኖሯል።

«አበልጄ!» ክሬሴንሲዮ ከሁለት ልጆቹ ጋር ሜዳውን እያቋረጠ ነው። «ከተርቦቹ ጋር ጎረቤት ሆንክ እንዴ?»

«ዐይንህ ዳነ?»

«እሱማ ዳነ። ሚስቴ ግን አብጦ ሳለ ይሻል ነበር ትላለች።»

ልጆቹ ሳቁ። ናቦር አልሳቀም።

«በል ነፋሱ ሳይደርስብን። ከየት እንጀምር?» አለ ክሬሴንሲዮ።

ናቦር ወደ ተርቦቹ ጥግ ዞሮ አየ። የመጀመሪያው ነፋስ ሣሩን አስተኝቶ አለፈ፤ ከብቶቹ ተሰባሰቡ። ከደኑ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ።

«ምን ሆንክ?» አለ ክሬሴንሲዮ። «ይህን ጥሻ ትተህ አባትህ ቢመጡ ምን ይላሉ? መንደሩስ? ናቦር ሞቶ ሳንቀብረው ቀረን ነው የሚሉት።»

ናቦር እህቱን አየ። እሷ ሸክሟን እያጠበቀች ነበር።

«ገጀራችሁን ወደ አፎቱ መልሱ» አለ ናቦር፣ ነፋሱን አልፎ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ዘንድሮ የደኑን ዳር አልመነጥርም። አጥሩንም ከእኔ ደን እስከ አንተ ደን ድረስ አልከረክምም። ነገ አንተ ጋ መጥቼ እሠራለሁ፤ የሚስቀው ይሳቅ። አባቴ ሲመጣም በተርቦቹ በኩል ይግባ፤ እዚያ እጠብቀዋለሁ።»