የኪሱ ጣውንት

ቀያሹ በሕይወት ሳለ ሚስቱ ያቺን የሂሳብ ማሽን "ጣውንቴ" ነበር የምትላት። ለቀልድ ነው። ግን ቀልድና ቅናት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሌላው ቤት ሳያንኳኳ ይገባል።

ማሽኗ ጥቁር፣ ድብልብል፣ በአንድ እጅ ጭብጥ የምትያዝ ነበረች። ለማያውቃት ሰው የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ትመስላለች። ጎኗ ላይ ተንሸራታች ጉጦች፣ አናቷ ላይ እጀታ አላት። ጉጦቹን በአውራ ጣት ወደ ታች እየገፉ ቁጥር ይሞሏታል፤ እጀታዋን አንዴ ሲያዞሩ ትደምራለች፣ ደጋግመው ሲያዞሩ ታባዛለች፣ ሳብ አድርገው ካዞሯት ደግሞ ትቀንሳለች። ባትሪ አትል፣ መብራት አትል። በዚያን ጊዜ የቢሮው ማስያ ለሸክም የሚያስቸግር ብረት ነበር፤ እሷ ግን ከቀያሹ ጋር ተራራ ትወጣ ነበር።

"ጣውንትሽን አቀብይኝ" ይላል ጠዋት ለመስክ ሲነሳ። ታቀብለዋለች። እሱም ደረት ኪሱ ውስጥ ሸጎጥ ያደርጋታል። ሚስትየዋ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ዕድሜ ልኳን ካርታ አስተምራለች፣ ባሏ ካርታ የሚሠራበት ቦታ ግን አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። ማሽኗ ሄዳለች።

ሌላም የሄደች አለች። ቢሮው ውስጥ "ደማሪዋ" የሚሏት ሴት ነበረች። ቀያሹ ማዕዘኑንና ርቀቱን ያነብባል፣ ደማሪዋ ታዞራለች፤ ለዓመታት ሥራቸው ይኸው ነበር። መምህርቷ "ጣውንቴ" እያለች ስትስቅ ከማሽኗ ጀርባ የምታየው ይህችን ሴት ነበር። ሳትጠይቀው ሞተ።

በቀብሩ ቀን ደማሪዋ መጣች። የመምህርቷን እጅ ያዘች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣

"ማሽኗስ ደህና ናት?" አለች።

የሞተው ባሌ፣ የምትጠይቀኝ ስለ ማሽን! መምህርቷ በልቧ እንዲህ ብላ እጇን አስለቀቀች። ጥያቄው ግን እንደ እሾህ እግሯ ውስጥ ቀረ፤ በረገጠች ቁጥር ይወጋታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሳቢያውን ከፈተችና ማሽኗን አወጣቻት። እጀታዋን እስከ ግማሽ ድረስ አዞረችና ሐሳቧን ቀይራ ልትመልሰው ሞከረች። እምቢ አላት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምትዞር፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ የማትመለስ መሆኗን ማን ይንገራት?

"አሃ! ከእኔ ጋርማ አትሠሪም!"

ብሎን መፍቻ አመጣች። በታችኛው በኩል ፈታቻት፤ ዘንጉ፣ ጥርሱ፣ ሽቦው፣ ቀለበቱ እንደ ተበጠሰ ጨሌ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች፤ የተጫረ ስም፣ የታጠፈ ቁራጭ ወረቀት፣ የሆነ ነገር። የዘይት ሽታ ብቻ ነበር። እፍረቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በቆርቆሮ ሣጥን ለቅማ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ወሰደቻት። ሰዓት ሠሪው አንዴ ሣጥኑን፣ አንዴ እሷን አየ።

"ማን ነው የፈታት?"

"እኔ።"

"ጎበዝ! እንግዲህ ይግጠሟት።"

"እባክህ አትቀልድ።"

"እኔ አልነካትም፣ እትዬ። አንዷ ዘንግ ቦታዋን ከሳተች እንደ አንዳንድ ሰው ነው የምትሆነው፤ ታወራለች፣ ግን ውሸት ነው። እዚህ ከተማ የሚችላት አንድ ሰው ብቻ ነው። ከቀያሾች ቢሮ ጡረታ የወጣች ሴት አለች... ምን ነበር የሚሏት?"

"አውቃታለሁ" አለች መምህርቷ፤ አፏ መረራት።

ደማሪዋ በሩን ስትከፍት መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነበር።

"ውይ እህቴ! ግቢ፣ ግቢ።"

"አልቆይም። ለዚች ብዬ ነው የመጣሁት" አለችና ሣጥኑን አስቀመጠች። "ወድቃብኝ ነው።"

ደማሪዋ ክዳኑን ከፍታ አየች። "ወድቃ ብሎኖቿን ራሷ ፈታች?" አለች፤ ሳቋን ግን ዋጥ አደረገችው። ነጭ ጨርቅ ዘረጋች፣ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች፣ በወረንጦ አንድ በአንድ ትለይ ጀመር። ብረቶቹን የምታውቃቸው ሰው የገዛ ልጆቹን እንደሚያውቅ ነው፤ አንዷን "አንቺ ቀበጥ" ስትል መምህርቷ ሰማች።

"የፈለሰፋት ሰው በጦርነቱ ጊዜ እስረኛ ነበር አሉ" አለች ቀና ሳትል። "ንድፏን እዚያው ሆኖ በእርሳስ ሠራው። ይቺን ባለ ጥርስ ከበሮ አየሻት? ለሁሉም ቁጥር አንዷ እሷ ናት። ደግሞ መቀነስ አታውቅም፤ ከዘጠኝ የጎደለውን እየደመረች ነው የምትቀንሰው።"

መምህርቷ ስለ ከበሮ ልትሰማ አልነበረም የመጣችው።

"መስክ ላይ አንድ ድንኳን ውስጥ ነበር የምትሠሩት?"

"አንድ ድንኳን። መሐንዲሱም፣ ሾፌሩም፣ የሾፌሩም ካልሲ። ያንን ካልሲ ብታሸቺው ኖሮ እህቴ፣ ይሄን አትጠይቂኝም ነበር።"

መምህርቷ አልሳቀችም። ደማሪዋ ወረንጦውን አስቀመጠች።

"ባሌም እንዳንቺ ነበር። ከመስክ ስመለስ 'ውሽማሽ ደህና ነው?' ይለኛል። አንድ ቀን መሮኝ፣ 'እኔና ሰውየው መካከል ያለው ቁጥር ብቻ ነው' አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'እሱ ነው የሚያስቀናኝ። እኔና አንቺ እሱም የለንም' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እውነቱን ነው። ምን እላለሁ?"

ተመልሳ ሥራዋ ላይ አቀረቀረች። ዘይት ጠብ አደረገችባትና እስኪሰርግ ድረስ ጠበቀች። ስትጠብቅ የቀኝ አውራ ጣቷ በግራ እጇ ጀርባ ላይ ይሄድ ጀመር፤ አንዱን ጣት ወደ ታች ገፋ፣ ቀጣዩን ገፋ፣ ቀጣዩን ገፋ።

መምህርቷ ያንን እንቅስቃሴ አወቀችው።

ባሏ ማታ ማታ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እጇን ወስዶ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ምንም አይናገርም፤ አውራ ጣቱ ብቻ በጣቶቿ ላይ ዝቅ፣ ዝቅ። ከሰው ሁሉ ደብቃ የያዘችው ይህን ነበር። ለሐዘንተኛ እህቶቿ እንኳ አልነገረችም።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች።

"ኧ?" ደማሪዋ እጇን አየችና አፈረች። "ውይ፣ ልማድ ነው እኮ። ጉጥ መግፋት። ከእሷ ጋር የሠራ ሰው እጁ አያርፍም።"

የመምህርቷ ቅናት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥርጣሬ ነበር። አሁን መልክና እጅ አገኘ። ልትነሳ ፈለገች፤ ማሽኗ ግን ገና ተገጥማ አላለቀችም።

ደማሪዋ የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀች። አንድ ቁጥር ሞላች፣ ማሽኗን ጆሮዋ አጠገብ ይዛ ደጋግማ አዞረች፣ መልሱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ገለበጠችው። ከዚያ ቁጥሮቹን ወደ ዜሮ መልሳ ማሽኗን ወደ መምህርቷ ገፋቻት።

"ሁለት ዙር ነው ደንባችን። አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ያዞራል፤ ካልገጠመ 'ልኩ የኔ ነው' ማለት ክልክል ነው፣ እንደገና ይጀመራል። እኔ ላንብብ፣ አንቺ አዙሪ።"

"እኔ አልችልም።"

"ችግሩ ጉጡን መሙላት ላይ ነው እንጂ ሌላው ቀላል ነው፤ ግማሽ ላይ እንዳታቆሚ ብቻ። ሰባት..." አለች ደማሪዋ፤ ቁጥሩን ሳብ አድርጋ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ "ዜሮ አራት ሁለት።"

መምህርቷ ቀና አለች። ባሏ የስልክ ቁጥር እንዲህ ነበር የሚያነብብላት። በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሳይቀር እንዲህ ነበር ያነበበው፤ የመጀመሪያዋን ሳብ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ቀሪውን። ድምፁ ቤቷ ውስጥ የለም፤ ፈልጋ አጥታዋለች። እዚህ፣ በዚች ሴት አፍ ውስጥ፣ ሳይነካ ተቀምጧል። ከሁሉ ያቃጠላት ይኼ ነበር።

"በስንት ላብዛ?" አለች ቀስ ብላ።

"በሦስት... " ትንሽ ዝም። "ነጥብ አምስት ስድስት።"

አውራ ጣቷን ጉጡ ላይ አሳረፈች። ገፋች። ደማሪዋ እንደመራቻት አዞረች፣ የማሽኗን አናት አንስታ ወደ ቀጣዩ ቤት አዛወረች፣ አዞረች። ስትጨርስ ትናንሾቹ መስኮቶች ውስጥ ቁጥሮቹ ተሰልፈው ቆሙ። ወረቀቱን ገለበጠችው። አንድም ሳይዛነፍ ያው ነበር።

መዳፏን መስኮቶቹ ላይ ጫነች።

"አልገጠመም" አለች።

ደማሪዋ ዙሩን በጆሮዋ ስትከታተል ነበር። በመጀመሪያ የመምህርቷን መዳፍ፣ ቀጥሎ ፊቷን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ መልሳ አደረገችው።

"ካልገጠመ እንግዲህ እንደገና ነው።"

"አንብቢልኝ" አለች መምህርቷ።

"ሰባት..." አለች ደማሪዋ።