ለፒንቦል የተላኩ ሽማግሌዎች

አባዬ እማዬን ለማግባት ሽማግሌ የላከው አንዴ ብቻ ነው። ለፒንቦል ግን ሁለቴ ላከ።

ኒው ሆፕ ከተማ ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ አሮጌ የፒንቦል ማሽን አለን፤ የብረት ኳስ በግራና በቀኝ ክንፍ እየመቱ የሚጫወቱበት። ግራ ክንፉ ኳሷን የሚመታው ደስ ሲለው ነው። ሱፐር ቦል የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ እኛ አካባቢ በተደረገበት ብርድ በጃኬትና በጓንት ነበር የምንጫወተው። አባዬ ሳሎን የሚቀመጥ አዲስ ማሽን ይፈልጋል፤ ዋጋው ግን በየጊዜው እየጨመረ የእማዬን ካምሪ መኪና አክሏል።

«ካምሪ ሥራ ታደርሰኛለች» አለች እማዬ።

«ግን አታበራም፣ አትዘፍንም።»

«አንተም አትዘፍንም፤ አግብቼሃለሁ።»

አባዬ አኮረፈ። ሲያኮርፍ ሲበላ እንኳ ድምፅ የለውም። አሳዘነኝና «ሽማግሌ ላክባት» አልኩት። እኔ እየቀለድኩ ነበር፤ እሱ ግን የምር አድርጎ ወሰደው።

እሁድ ዕለት የሥራ ጓደኛው ጋሽ እሸቴና የእማዬ ዘመድ ጋሽ ለሜሳ ሱፍ ለብሰው መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ።

«መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ እሸቴ።

«ሜቲን ልትጠይቁ ከሆነ ገና አሥረኛ ክፍል ናት። ወጥም አትሠራም» አለች እማዬ።

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ እኮ።

ጋሽ ለሜሳ ስልካቸውን አውጥተው የአዲሷን ማሽን ፎቶ አሳዩዋት። «ዘሯ የታወቀ ነው። ቤተሰቦቿ ቺካጎ፣ ፋብሪካው ውስጥ ናቸው።»

እማዬ ሳቋን ዋጠች። ግን ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ወግ ነው። «ዘመድ ላማክር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለቻቸው። ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብላ «እሺ ማለቴ አይቀርም። አባትሽ ትንሽ ይልፋ ብዬ ነው» አለችኝ።

ተመልሰው ሲመጡ ፈቀደች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባዬ እዚያው ለሻጩ ደወለ። ትንሽ አዳመጠና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ዋጋው ባለፈው ሳምንት ጨምሯል» አለ። «አሁን አንችለውም። ይቅር።»

አላኮረፈም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው።

«እኔ ነኝ ያስጠበቅኩት» አለች እማዬ። ከዚያ ተነስታ ሶፋውን ወደ ጥግ መግፋት ጀመረች።

«ምን ሆነሻል?» አላት አባዬ።

«የጋራዧ አሮጊት ትግባ። እዚህ ትቀመጥ። ክንፏንም እናሠራላታለን።»

አባዬ አንዴ ሶፋውን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ ወደ ጋራዡ ሊሮጥ ምንም አልቀረው።

ጋሽ እሸቴ ኮታቸውን እያወለቁ «ለሽምግልና ጠርታችሁን ለሸክም» አሉ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ለሜሳ ቃተቱ። «ይቺ ሙሽራ ከብዳለች።»

«ቶሎ ግቡ፣ የቤቱ ሙቀት ወጥቶ አለቀ» አለች እማዬ ከላይ።

ስንሰካት መብራቷ ቦግ አለ። አባዬ የመጀመሪያዋን ኳስ ለእማዬ ሰጣት። ግራ ክንፉ እምቢ አለና ኳሷ ወደቀች።

«ይሄ አይቆጠርም» አለች እማዬ፣ እጇን ከማሽኑ ሳታነሳ።