ማሾው እንዳይበቅል

"በደጄ ላይ ሽንት ቤት አይቆፈርም! ከፈለጋችሁ እኔኑ ቅበሩኝ!" አለች ሳሊሃ፣ እስከ ጉልበቷ በሚደርስ ጉድጓድ ውስጥ ቆማ። ሁለቱ ቆፋሪዎች ሰበብ ስላገኙ ደስ ብሏቸው ጥላ ሥር ሄደው ተቀመጡ።

ማህደር አካፋ ተደግፋ ላቧን ጠረገች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ሸዋ ሮቢት ማዘጋጃ ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሙቀቱን ግን ገና አልለመደችውም። ስለ ጉድጓዱ ስታስረዳም ዛሬ አራተኛ ጊዜዋ ነው።

"እትዬ ሳሊሃ፣ ሽንት ቤት አይደለም። የዝናብ ውሃ ማስረጊያ ነው። ድንጋይና አሸዋ እንሞላበታለን፣ ከላይ ሣር እንተክልበታለን። ጎርፉ ቤትዎ ሳይደርስ እዚህ ይሰርጋል።"

"ቦይ ብትሠሩልኝስ?"

"ቦይማ ውሃውን ወስዶ ከታች ያሉት ሰዎች ቤት ነው የሚያስገባው።"

ሳሊሃ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ ትነግዳለች። አምና ሐምሌ ጎርፍ ጓዳዋ ገብቶ ሦስት ኩንታል አርሶባታል። በሳምንቱ ጆንያውን ስትፈታ ማሾው አቆጥቁጦ ጠበቃት። ሰፈራችንም ከዚያ ወዲህ "እርሻሽ እንዴት ነው?" ማለቱን አልተወም። ዘንድሮ ስድስት ኩንታል እዚያው ጓዳ ተደርድሯል፤ ሌላ ማስቀመጫ የላትም። እያጉረመረመች ከጉድጓዱ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ጉድጓዱ ግን ወዲያው ሞልቶ ወደ ሳሊሃ በር ገነፈለ። ማህደር ውሃው ከየት እንደሚመጣ ቀና ብላ አየች። ከላይ ከጋሼ ወልደማርያም ግቢ ነበር። ጡረተኛው መምህር አምና በፋሲካ ለልጃቸው ሠርግ ብለው ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ አስለብሰውታል፤ እንደ ሳሎን በጨርቅ ነው የሚወለውሉት።

"ጋሼ፣ የእርስዎን ጣሪያና ግቢ ውሃ ይህ ጉድጓድ ብቻውን አይችለውም" አለቻቸው፣ ግርግሩን ሰምተው ወደ ሳሊሃ ደጅ ሲወርዱ። "አጥሩ ሥር ያለው ሲሚንቶ ተነሥቶ ሣር ቢተከልበት ብዙው እዚያው ይሰርጋል።"

"ልጄ፣ ጭቃ ሰልችቶኝ እኮ ነው ያስለበስኩት።"

"ጭቃውማ እኔ ቤት ተዛወረ" አለች ሳሊሃ ከደጃፏ። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ውሃውን በባልዲ እየቀዳች ትደፋለች። ቆፋሪዎቹ ጆንያዎቹን አልጋዋ ላይ ያወጣሉ፤ የአንዱ ግርጌ ረጥቧል።

ጋሼ ወልደማርያም ጆንያውን አዩት። ከዚያ ዞር ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። አኩርፈው ነው ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው፣ ድጅኖ ይዘው ተመለሱ። የድጅኖውን ጫፍ አጥሩ ሥር ሲሚንቶው ላይ አሳርፈው ማህደርን ጠየቋት።

"እስከ የት ልስበር?"

ማህደር አፏን ከመክፈቷ በፊት ሳሊሃ ባልዲዋን እንደያዘች መለሰች።

"ውሃው እኔ ቤት ሲገባ፣ እስከ የት ልግባ ብሎ አልጠየቀኝም፣ ጋሼ።"