የዲንቃ ጥያቄ

...ልጁ መልስ ጠፍቷቸው እንዳይመስለው፣ አቶ አራርሳ መልስ ጠፍቷቸው አያውቅም፣ ሁሩሙ ላይ የእሳቸውን ፍርድ ያፈረሰ ሽማግሌ አልተወለደም፣ የገዛ ልጃቸው ካልሆነ በቀር፣ በቅሎዋ ዳገቱን ትወጣለች፣ የማሩ ገንቦ ጎኗን ይመታታል፣ ቀስ በይ አንቺ፣ ይህ ማር ለግዛት ቤቱ ሹም ለአቶ ወልደ ማርያም ነው፣ በማሩ ደግሞ ለልጃቸው ለዲንቃ የጸሐፊነት ወንበር፣ መቱ ግዛት ቤት፣ ጥላ ሥር። አለቀ። አዲስ አበባ አይመለስም።

ጃንሆይ ባቋቋሙት ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማራል ሲባል ፍልስፍና። ምንድነው እሱ ቢሉት፣ አባዬ፣ ሰው እውነት ነው ያለውን ለምን እውነት እንዳለው መጠየቅ ነው፣ ለዚህ አራት ዓመት? ለዚህማ ምቀኛ ጎረቤት ይበቃል።

ይጠይቅ፣ እቤቱ ይጠይቅ፣ ግን ዋርካው ሥር፣ በሽማግሌ ፊት፣ የዲሪቤ ንብ ከቀፎዋ ወጥቶ የሚስታቸው ወንድም ነገራ ቀፎ ገባ፣ ንብ ለገባበት ቀፎ ባለቤት ነው ብለው ፈረዱ፣ ወግ ነው፣ ባሏ የሞተባት ዲሪቤ አንገቷን ደፋች፣ ይኼኔ ዲንቃ ብድግ፣ አባዬ፣ ንቡ ከጋሼ ነገራ ወጥቶ እትዬ ዲሪቤ ቀፎ ገብቶ ቢሆን ይህንኑ ይፈርዱ ነበር? ነገራ ጋቢውን ያስተካክላል። ዲሪቤ ብቻ ቀና ብላ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ እስቲ ይመልሱለት። ነገሩ ለዓርብ ተቀጠረ።

አዎን ማለት ነበር፣ አፍን ሞልቶ፣ ምን ያዛቸው፣ አሁን ለበቅሎዋ ይነግሯታል፣ ወግ ወግ ነው፣ ልጁ ከኮርቻው ኋላ የተፈናጠጠ ይመስል፣ ለማን ሲሆን ነው ወግ የሚሆነው ይላቸዋል፣ ዝም በል አንተ።

የመቱ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። በሁለት ዓመት ይህን ተምሮ መጣ። ገና ሁለት ይቀረዋል። ቆይ። በቅሎዋን ያቆማሉ። የቡና ነጋዴ ናቸው፣ ሳይደርቅ የተከተተ ቡና ጆንያውን ሁሉ እንደሚያሻግት ያውቃሉ፣ መጀመሪያ ጥያቄውን ካስተማሩት መልሱን የሚያስተምሩት በቀረው ሁለት ዓመት ነው እንጂ ሌላ መቼ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ቆርጬ ላስቀረው፣ ጥያቄውን ብቻ ታቅፎ ቤቴ ሊቀመጥ፣ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው፣ ዕድሜዬን ሙሉ። አላበድኩም።

አቶ ወልደ ማርያም ደጃቸው ላይ ናቸው፣ አቶ አራርሳ፣ ብቻዎን? ልጁስ፣ ወንበሩ እኮ ይጠብቀዋል፣ ጌታዬ፣ ይላሉ አቶ አራርሳ፣ ትምህርቱን አልጨረሰም፣ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ ታዲያ ይሄ ፍልስፍና የሚሉት እንጀራ ይሆናል? እሱን እንግዲህ ሲጨርስ እንጠይቀዋለን፣ ማሩ ግን ይግባ፣ የወዳጅ ነው፣ ወዳጅ ነገም ያስፈልጋል።

ቁልቁለቱ ላይ በቅሎዋ ቀሏታል። ዲንቃ ይሂድ፣ ያንን መልስ ፈልፍሎ ያውጣ፣ ሳያገኝ እንዳይመጣ፣ ግን ዓርብ ሁለት ዓመት አይቆይም፣ ዲሪቤም አትቆይም፣ ዋርካው ሥር ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች፣ እንግዲህ እኔው ልመልስ፣ ነገራ ቢያኮርፍም ያኩርፍ፣ እህቱም ቤት ውስጥ ታኩርፍ፣ ንቡ የነገራ ቢሆን አልፈርድም ነበር። አይ። ይህንኑ አልፈርድም ነበር።